ቀለም የገባው ባክቴሪያ

ከሁሉም አብልጠን ለምንናፍቅህ፣ ከሁሉም አሳንሰህ ለምትጽፍልን ታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? በጣም እንዴት ነህ? ማዕበሉ፣ ወበቁ፣ የመርከቡ ምድጃና የካፒቴኑ ጠባይ እንዴት ይዘውሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? እንቅልፍህስ? በቀደም በላክኸው ፎቶ ጉንጭህ ሞላ ብሎ ስላየነው እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጋሼ ግን፣ አጎታችን መቼም ያለ አስተያየት ውለው አያድሩም፣ ወጥ ቤት ውሎ ያልወፈረ ወጥ ሠሪ የራሱን ምግብ አላመነውም ማለት ነው፤ ይህ ልጅ በሥራው እምነት አለው አሉ። እኔ ካሜራው ነው ብዬ ተከራክሬልሃለሁ። ውለታዬን ያዝልኝ።

እኛ ደህና ነን። አባባ ወገቤን፣ ጋሼ ጉልበቴን ይላሉ፤ እማዬ የሁለቱን ማማረር ከመስማት በቀር ምንም አልሆነችም። እኔ አድጌያለሁ። በቁመት ማለቴ ነው፤ በሌላው ገና ነሽ ይሉኛል።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረበት አባባ ነው። ስልክህ ባሕር መሃል ስለማይሠራና መርከባችሁ በሚቆምበት በሚቀጥለው ወደብ ደብዳቤ እንደሚደርሳችሁ ስለሰማ፣ ብዕር አንስቶ «ልጄ ሆይ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ሞላ፣ ወረቀቱም ራሰ። አንቺ ጻፊለት፤ ቀልድ ግን አታብዢ ብሎ ብዕሩን ሰጠኝ። አላበዛም። ወሬው የእህታችን የዶክተር ነው። ያለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት አቅርባለች። ውጤቱን ግን አሁን አልነግርህም፤ እኛ እንደተጨነቅን አንተም ትንሽ ተጨነቅ።

ዶክተር የምንላት ልጅ ሆና ያንተን ጤነኛ እግር በፋሻ እየጠቀለለች ስላስቸገረችህ ነው እንጂ ሰው እንደማታክም ታውቃለህ። ይህን ለጎረቤት ማን ያስረዳ? ባለ ሱቁ አሁንም ባያት ቁጥር አፉን በርግዶ ቶንሲሉን ያሳያታል። እሷ የምታጠናው ባክቴሪያ ነው። ያውም ባክቴሪያ የሚሠራውን ቀለም።

ቤታችንን ያመሰው ይኸው «ቀለም» የሚባል ቃል ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ስለ ጥናቷ ስታወራን፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ቢጫ ቀለም እንደሚያመነጩ፣ ያ ቀለም ሌላውን ጀርም ሊገድል እንደሚችል፣ የድሮዎቹን መድኃኒቶች ጀርሞች ስለለመዷቸው አዲስ ነገር በየቦታው እየተፈለገ እንደሆነ ነገረችን። ገና ሳትጨርስ አባባ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዕድሜ ልኩን የሰው ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቀለም ታጠናለች ሲባል ምን እንደሚሆን አስበው። ደም ይስባል አለና ለሁላችንም ውኃ ቀዳልን። አባባ ውኃ ቀድቶ ያውቃል?

ጋሼ ደግሞ ርዕሰ መምህር ሆነው ስላረጁ፣ ለእሳቸው ቀለም ማለት ትምህርት ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዲኖረው አይፈቅዱም። ስንት የሰው ልጅ ቀለም አልገባው ብሎ ጸጉሬን አሽብቶታል፤ አሁን ባክቴሪያ ቀለም ገባው ልትሉኝ ነው? ብለው ተቆጡ። ዶክተር በሁለቱ መሃል ተቀምጣ ፒግመንት ነው፣ ፒግመንት ትላለች። አባባ ፒግመንት የቀለም ፋብሪካ ስም መስሎት ጥሩ ነው፣ ግን ከሀገር ውስጡ አይበልጥም አለ።

ባክቴሪያው ከየት እንደመጣ ካልነገርኩህ አባባ አይለቀኝም። የአንድ ጡረተኛ ዳኛን መታጠቢያ ቤት ሲቀባ፣ ጥጉ ላይ ሮዝ መሳይ እድፍ አገኘ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ስቱኮ መታው፣ ሁለት እጅ ቀባው። ብዙም ሳይቆይ እድፉ ነጩን ቀለም ጥሶ ተመልሶ ብቅ አለ። ዳኛው ጠርተው ሲያሳዩት አባባ እንደ ስድብ ቆጠረው። እኔ በቀባሁት ላይ የሚቀባ ማነው? እያለ ሲያማርር ዶክተር ሰማችውና በማግስቱ አብራው ሄዳ በጥጥ ዳብሳ ወሰደችው። ላቦራቶሪ ውስጥ ለብቻው ለይታ ስታሳድገው እንደ ደም ቀላ። ከዚያን ቀን ወዲህ አባባ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ የሚያወራው «እኔ ያገኘሁት ባክቴሪያ» እያለ ነው። ዳኛው የእኔ ግድግዳ ነው ብለው እንዳይከሱት ፈራሁ።

ሥራዋ እንዲህ ነበር። ቀዩን ቀለም ከባክቴሪያው ውስጥ በአልኮል አሟሙታ ታወጣዋለች። ከዚያ ክዳን ያለው ትንሽ ሳህን ላይ ሌላ ጀርም፣ ለምሳሌ ቁስል ውስጥ መግል የሚያስይዘውን፣ ትዘራለች። ከላዩ ቀለሙን የጠጣች ቁራጭ ወረቀት፣ ከአዝራር የማትበልጥ፣ ታስቀምጣለች። በማግስቱ ሳህኑ በጀርም ደፍርሶ ወረቀቷ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ፣ ቀለሙ ጀርሙን ከአካባቢው አባርሮታል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀለበት የታየ ቀን ዶክተር ስታሳየን በሁለት ክንዶቿ ትልቅ ክብ እየሠራች በሩን ማለፍ አቅቷት ነበር።

አባባ ግን መቼ ይታገሣል። እማዬ ካርድ ክፍል የምትሠራበት ክሊኒክ የማዋለጃ ክፍሉን ሊያስቀባ ፈልጎ ሥራውን ለእሱ ሰጠው። አባባ የክሊኒኩን ኃላፊ ሲስተርን፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ልጄ ጀርም የሚገድል ቀለም እያወጣች ስለሆነ የእናንተን ግድግዳ የምቀባው በእሱ ነው ብሎ ቃል ገባላቸው። እማዬ ይህን የሰማችው ካርድ ልታወጣ ከመጣች በሽተኛ አፍ ነው። ያን ዕለት ማታ ቤቱ ጭር አለ። ራዲዮ የምባለው እኔ እንኳ ድምፄን ቀነስኩ። ዶክተር ራሷን ይዛ፣ እስካሁን ያጠራቀምኩት ቀለም በሙሉ አንድ ጥፍር ለመቀባት አይበቃም አባባ አለችው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ባክቴሪያ ይራባል ያልሽን አንቺው አይደለሽ?

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እነ ዶክተር ጋር አንድ የላቦራቶሪ ኃላፊ አለ። መሳቢያም፣ መስኮትም፣ የመጸዳጃ ወረቀትም ስለሚቆልፍ ተማሪዎቹ አባ ቆልፍ ይሉታል። ባክቴሪያ የሚያድግበት ማሞቂያ ሳጥን ደግሞ አርጅቶ ለብ ከማለት አያልፍም ነበር። አባ ቆልፍ አንድ ቀን እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሆዱን ፈትቶ፣ ሽቦውን ለውጦ ጠገነው። የሳጥኑን ሆድ ማለቴ ነው። ሁሉም አጨበጨቡለት፤ ዶክተርም አጨብጭባለች። ሳጥኑ እንደ አዲስ፣ ልክ እንደ ሰው ገላ ሞቀ። ቀጥሎ ያሳደገችውን ባክቴሪያ ስታወጣው ግን ነጭ ሆኖ አገኘችው። ደገመችው፤ ነጭ። የነጩን ጭማቂ በወረቀት አድርጋ ጀርም ላይ አስቀመጠች፤ ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ጀርሙ እስከ ወረቀቷ አፍንጫ ድረስ መጥቶ ተንፈላሰሰ።

አንድ ጊዜ የታየ ቀለበት ፈታኝ ፊት አያቆምም፤ መደጋገም አለበት። አማካሪዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቁርጡን ነገሯት። እስከ ዲፌንሱ፣ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት እስከምትከላከልበት ቀን፣ ቀይ ቀለም ካልተገኘ ጽሑፉ አይቀርብም፤ ለከርሞ በሌላ ርዕስ ከሀ መጀመር ነው። ዶክተር ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። በማግስቱም እንደዚሁ። ሳቋን የለመድነው ቤት ጠበበን።

ሽማግሌዎቻችን ታዲያ ዝም ብለው ያዩ ይመስልሃል? አባባ በሯ ላይ ቆሞ፣ የነጣው አንደኛ እጅ ስለሆነ ነው፣ ሁለተኛ እጅ ሲመታ ይቀላል እያለ አጽናናት። ጋሼ ድሮም ተናግሬያለሁ፣ ቀለም አልገባውም፣ ክፍል ይድገም አሉ። ከሁሉም የተሻለው የእማዬ መሰለን። በርዶት ይሆናል አለች። አየህ፣ እኛ ቤት የማንኛውም በሽታ ምክንያት ብርድ ነው። ጥርስ ቢያመን ብርድ ነው፣ ፈተና ብንወድቅም ብርድ ነው። ሁላችንም አዎ፣ ብርድ ነው አልን፤ እኔም ብያለሁ። ዶክተር ተስፋ የቆረጠ ሰው የማይሞክረው የለምና ሳህኖቿን ወደ ሳጥኑ መሃል፣ ሙቀቱ ወደሚበረታበት አስገባቻቸው። የባሰውን ነጡ። ወረቀት መሰሉ።

አርብ ዕለት በቃኝ አለች። ሳህኖቹን ለመጣል ከሳጥኑ አወጣቻቸው። ባክቴሪያ ደግሞ እንደ ቆሻሻ አይደፋም፤ መጀመሪያ በእንፋሎት ድስት ተቀቅሎ መሞት አለበት። ድስቱ ያለበት ክፍል ተቆልፏል። አባ ቆልፍ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ የእህቱ ልጅ ሰርግ ሄዷል። ሳህኖቹን እዚያው መደርደሪያ ላይ ከምራ፣ አትንኩ ብላ ጽፋባቸው መጣች።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ብቻዋን አትሂድ ብላ እኔን አስከተለቻት። አባ ቆልፍ ምንም እንደማልነካ አስምሎኝ በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። ዶክተር ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ወደ መደርደሪያው ሄደችና ቆመች። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ብዙ ቆየች። እያለቀሰች መስሎኝ ልነሳ ስል ዞር አለች። እጇ ላይ የያዘችው ሳህን ቀልቷል። ሌላውን አነሳች፤ ቀይ። የተከመሩት በሙሉ ሁለት ቀን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ቀልተዋል። መዳፏን አንዴ ማሞቂያው ሳጥን ላይ፣ አንዴ ቀዝቃዛው መደርደሪያ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና እንደ ሕፃን ሳቀች። አባ ቆልፍ ምን አጥፍቼ ነው? ይላል።

ብርድ አልነበረም፤ ሙቀት ነው። ይህ ባክቴሪያ እንደ ሰው ገላ ሲሞቀው ያድጋል፣ ይራባል፣ ቀለም ግን አይሠራም። ቀዝቀዝ ሲልለት ይሠራል። አሮጌው ሳጥን ስለደከመ ሲያቀላው ኖረ፤ የተጠገነ ቀን አነጣው። አማካሪዋ ይህ ነገር ድሮ የተጻፈ ነው፣ እንዴት ረሳሁት ብለው ግንባራቸውን መቱ። ረሱት ማለት ይከብዳል፤ ሳጥኑ በትክክል ሠርቶ ስለማያውቅ የሚያስታውሳቸው አላገኙም። ዶክተር ቀዩን ደጋግማ አሳደገች፣ ቀለበቶቿም ተመለሱ። የሚገርመው ነጩን አልጣለችውም። ያስለቀሳትን ነገር ሆን ብላ ሳጥኑ ውስጥ አሙቃ ማሳደግ ቀጠለች። ለምን ስላት ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ጋሼ ጉዳዩን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ፣ የሞቀ ክፍል ውስጥ የእኔም ተማሪዎች ቀለም አይገባቸውም ነበር ብለው ባክቴሪያውን በይፋ ይቅር አሉት።

ዲፌንሱ ደረሰ። ጽሑፏን ልትከላከል ነው ስንላት እማዬ ከማን ነው የምትከላከለው፣ ማን ነካት? ብላ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች። አባባ የሰርጉን ኮት ለብሶ፣ በሽቶ ተለቅልቆ፣ ከሽቶው ሥር ቀለም የሚያቀጥንበት አኳራጅ እየሸተተ መጣ። ረዳቶቹን ረጅሙንና አጭሩንም አስከትሏል። ይባስ ብሎ ሲስተርን ጋብዟቸዋል። የግድግዳቸውን ቀለም ሊያዩ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ጋሼ ከረባታቸውን አጥብቀው የዶክተርን አማርኛ ለማረም ተዘጋጁ። እኔ ሁሉንም የማላውቃቸው መስዬ ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀመጥኩ።

ዶክተር ግሩም ተናገረች። ከሞከረችባቸው አራት የጀርም ዓይነቶች ቀለሙ ሁለቱን ድራሻቸውን እንዳጠፋ፣ ሁለቱን ግን ምንም እንዳላደረጋቸው ሳትደብቅ አሳየች። አባባ የዚህን ጊዜ ያልሞቱትን ለምን ታወራለች? ብሎ እማዬን በክርኑ ነካት። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ናቸው፤ ጽሑፉን ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ነው ያነበቡት። ጀርሙን የገደለው ያሟሟሽበት አልኮል ቢሆንስ? አሏት። አልኮል ብቻ የጠጣችውን ወረቀት አሳየቻቸው፤ ቀለበት የላትም። አንገታቸውን ነቀነቁና ገጽ ገለጡ።

«ይሁን። ባክቴሪያው ከቀለሙ ጋር አብሮ የሚያወጣው ሌላ የተደበቀ ነገር ቢኖርስ? የገደለው እሱ ሆኖ ቀለሙ ስሙን ወስዶ ቢሆንስ?»

የአባባ ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወንበሮቹ የተያያዙ ስለሆኑ መስመሩ በሙሉ አብሮ ተንቀጠቀጠ፣ ሲስተርም ጭምር። ዶክተር ውኃ ጠጣች። ከዚያ የነጩን ሳህን ፎቶ አወጣች።

«ይህ ያው ባክቴሪያ ነው። ያው ምግብ፣ ያው አልኮል፣ ያው ወረቀት። ይህኛው ስለሞቀው ብቻ ቀለም አልሠራም። ቀለም ያልሠራው አንድም ጀርም አልገደለም። ነገሩን ይህ ብቻውን አይዘጋውም፤ ቀለሙን ከሁሉም ነገር አጥርቶ እንደገና መሞከር ይቀራል። ወዴት መሄድ እንዳለብን ግን ያሳየናል።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ማወዳደሪያ ከመጀመሪያው አስበሽበት ነው ያዘጋጀሽው?»

«አይ። መጀመሪያ አልቅሼበታለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ከታዳሚ ጥያቄ ያለው? ሲሉ ማን እጁን እንዳወጣ ገምት። እማዬ ኮቱን ይዛ ብትጎትተውም ተነሳ። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና ቀለሙ ፀሐይ ይችላል ወይ? ብሎ ጠየቀ። እኔ ወንበሩ ሥር ለመግባት ቦታ እየፈለግሁ ነበር። ዶክተር ግን እንደማንኛውም ጠያቂ አክብራ መለሰችለት፤ አይችልም፣ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል፣ ያልተፈታ ችግር ነው አለችው። አባባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ሲስተር ዞሮ፣ እንግዲያው ገና ነው፣ የእርስዎን ክፍል በተለመደው እቀባዋለሁ፣ ቃሌን አንስቻለሁ ብሎ ተቀመጠ። ሲስተር ቦርሳቸውን ለቀቅ አድርገው ጥሩ አሉ።

ውጭ አስወጥተው አስጠበቁን። ኮሪደሩ ላይ አንዳችንም አንዳችንን አላየንም። ሲጠሩን ሰብሳቢው ቆመው፣ እጅግ በጣም ጥሩ በሚል ውጤት አልፋለች ብለው አነበቡ።

አለፈች፣ ወንድምዬ። እህታችን አለፈች። የእማዬ እልልታ የመጨረሻውን ቃል አላስጨረሳቸውም። ጋሼ ከረባታቸውን ፈትተው ዓይናቸውን ጠረጉበት። እኔ አላለቀስኩም፤ የአባባ ኮት አኳራጅ ስለሚሸት ዓይን ያቃጥላል። በነገራችን ላይ ከዚህ በፊት ባክቴሪያ ምን ሥራ ነው እያልኩ ስቀልድባት እንደነበር ታውቃለህ። አሁን ክፍል ውስጥ ማን አጠገቤ ቢቀመጥ የማወራው ስለሷ ብቻ ነው። ይህን እንዳትነግራት።

ከዚያ አባባ ሳህኑን ልየው አለ። አባ ቆልፍ ማንም ሳይለምነው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። ዶክተር ክዳኑን እንዳይከፍት አስጠንቅቃ ሰጠችው። አባባ ቀይ ሲያይ ታውቀዋለህ፤ የመኪናም ይሁን የበር፣ ከሩቅ አይቶ ከየትኛው ቆርቆሮ እንደወጣ ከነቁጥሩ ይናገራል። ረጅሙና አጭሩ ቁጥሩን እስኪጠራ ከጎንና ከጎኑ ቆመው ጠበቁ። ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ ወደ ጥላው መለሰው፣ አዘነበለው፣ በአንድ ዓይኑ አየው። ከዚያ በሁለት እጁ መልሶ ለልጁ ሰጣት።

«ይህን ቀይ አላውቀውም» አለ።

እማዬ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ ሌሊት ወደ መርከቡ ጫፍ አትሂድ ትላለች። ጋሼ ሰላምታቸው ይድረስህና ባለፈው ካርድ ላይ ሁለት ፊደል መሳትህን አስተውለዋል። ዶክተር ስማሃለች፤ አሁን እንቅልፍ ላይ ናት፣ ጫማዋን ግን አውልቃለች። አባባ ምን ልበልለት ስለው ብዙ አስቦ ሰላም በይልኝ ብቻ አለ፤ የቀረውን እኔ ጽፌልሃለሁ። ረጅሙም አጭሩም እንደየቁመታቸው ሰላም ይላሉ። እኔም ናፍቀኸኛል፣ ይኸው አልኩት።

እህትህ ራዲዮ

ከቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐምሌ 6